ፒያሳ የሚሸጠው የጠቅላላ ዕውቀት ጥራዝ፦ ይገዛ፣ ግን እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት

ጎንደር ፒያሳ ከመጽሐፍ አዟሪዎች እጅ የሚገኘው የጥያቄና መልስ ጥራዝ ለትምህርት ቤት ውድድር የሚዘጋጁ ልጆች የሚሻሙበት ነው። የሳይንሱ ክፍል ደህና ነው፤ ማሪ ኩሪ በ1903 በፊዚክስ፣ በ1911 በኬሚስትሪ ኖቤል መሸለሟን ለይቶ ጽፏል።

ጣጣው ዘመን አቆጣጠሩ ላይ ነው። ዓድዋን በ1888፣ የጋጋሪንን የጠፈር በረራ በ1961 ይላል፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ መሆኑን ግን የሚናገር መስመር የለም። ጋጋሪን በእኛ ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ነው። ከፈረንጅ ዓመት ላይ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ማብቂያ 8 ይቀነሳል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነውና ወሩን ብቻ አይቶ 7 የቀነሰ ይሳሳታል፤ ዕለቱ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር።

«የመጀመሪያው ማን ነው?» የሚሉትም አንድ ቃል ሲጎድላቸው ይበላሻሉ። አትላንቲክን ሳያርፍ በአውሮፕላን የተሻገረ የመጀመሪያ ሰው ሊንድበርግ ነው ይላል። አልኮክና ብራውን በ1919 እ.ኤ.አ. ቀድመውታል፤ የ1927ቱ ሊንድበርግ የመጀመሪያ የሆነው ብቻውን በመብረሩ ነው።

ሰሜን ተራሮች በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1978፣ ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ጥራዙ ሁለቱንም በአንድ ዓመት ማስፈሩ፣ ያውም ጎንደር ላይ እየተሸጠ፣ ያሳፍራል።

ማሰሪያው ሙጫ ብቻ ነው፤ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት መሃሉን ገልጣችሁ የተዘለለ ገጽ እንደሌለ እዩ።