ባሌስትራውን በሞላ ልቀይር ሄጄ

ቨርጂኒያ፣ ቤቴ ጓሮ፣ የ1971 ሼቭሮሌት ሲ10 ፒክአፕ አለችኝ። ቅዳሜዎቼን በሙሉ የበላችው እሷ ናት። ከኋላ የተቀመጠችው በሞላ፣ በተጠመጠመ ስፕሪንግ፣ ላይ ነው። ሼቭሮሌት ከ1960 እስከ 1972 ቀላል ፒክአፖቹን በአብዛኛው በሞላ ይሠራ ነበር። በ1973 ሞዴል ወደ ባሌስትራ፣ ወደ ተደራረበ ጠፍጣፋ ብረት፣ ዞረ። የኔዋ ባዶዋን ስትሄድ አታንገጫግጭም። እዚህ ላይ ነው ልቤ ያበጠው።

አዲስ አበባ ለሦስት ሳምንት ስመጣ የአባዬን ሃይሉክስ እንደሷ ላደርጋት አሰብኩ። የ1982 ሞዴል ናት፤ ከኋላ ባሌስትራ። እማዬ ከአብነት ልደታ ማርያም ደርሳ እስክትመለስ ወገቧን ይዛ ነው። ሰፈሩ ኮብልስቶን ነው፤ መኪናዋ እያንዳንዱን ድንጋይ ትቆጥራለች። አባዬ ግን «የጭነት መኪና ወጓ ነው» ይላል።

የሰፈር ሰው ልደታ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ላከን። ምልክት የለውም። ስሙን አልጽፍም፤ ባለቤቱ «ዲያስፖራ እንዳታበዛብኝ» ብለው ለምነውኛል። ስልሳ ያለፉ ሰው ናቸው። እቅዴን እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ በስልካቸው መብራት ከመኪናዋ ሥር ገቡና እዚያው ተኝተው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሞላው ክብደቱን ይሸከምልሃል። አክስሉን ማን ይይዝልሃል?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ የሲ10ዋን ሥር ስንት ጊዜ ፈትቻለሁ። ባሌስትራ ሁለት ሥራ ይሠራል። ይሸከማል፣ አክስሉንም፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን ብረት፣ ቦታው ላይ ይይዛል። ሞላ መሸከም ብቻ ነው የሚችለው። ሲ10 ላይ አክስሉን የሚይዙት ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ የብረት አጥንት፣ መሃል የሚነሱ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ናቸው። ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ደግሞ አንድ አግዳሚ ዘንግ አለ። ይህ ሁሉ አሜሪካ ተዘጋጅቶ በካርቶን ቤት ድረስ ይመጣል። አዲስ አበባ ግን ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ ሻንሲ ላይ ሊለጠፍ ነው።

ሰውየው ሻንሲውን በመፍቻ ቆንቆን አደረጉት። ባሌስትራ ጭነቱን ለሁለት ቦታ ያካፍላል፤ ለፊተኛው ጫፉና ለኋለኛው። ሞላ ደግሞ ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ ይጭነዋል። የዚህች ሻንሲ እዚያ ቦታ ላይ እንዲሸከም አልተሠራም። የአክስሉ አንግል ትንሽ ከሳተ ደግሞ ካርዳኑ፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ፣ ይንቀጠቀጣል። «ቦሎ ስታወጣስ ምን ልትላቸው ነው?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር አኮረፍኩ። ከአትላንቲክ ማዶ ይዤው የመጣሁት ሐሳብ በአምስት ደቂቃ አለቀ።

ከዚያ ባሌስትራዎቹን ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። «ይቺን ማን ጨመራት?»

አባዬ ወደ ሰማይ አየ።

ቤት ስንሠራ ሲሚንቶ ለማመላለስ አንድ ተጨማሪ ባሌስትራ አስገብቶ ኖሯል። ሲሚንቶው አልቆ ስንት ዓመት ሆነው፤ ባሌስትራዋ ግን እዚያው ናት። የቀሩት ደግሞ በዝገት እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ባሌስትራ እንዲተጣጠፍ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት አለበት። ከተጣበቀ አንድ ወፍራም ብረት ማለት ነው። የእማዬ ወገብ ያገኘው እሱን ነበር።

ስለዚህ መለወጡ ቀርቶ ማደስ ሆነ። ለሾክ አብዞርበር (የመኪናዋን መዝለል የሚያበርደው) እና ለጎሚኒ (ባሌስትራው ጫፍ ላይ የሚገባው ላስቲክ) ወደ መለዋወጫ ገበያው፣ ሶማሌ ተራ፣ ወረድኩ። ብቻዬን በመሄዴ ተሳሳትኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ንግግሬን ሰምቶ ዋጋ ጠራ፤ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ በካርቶን ሰጠኝ። ጋራዥ ስደርስ ሰውየው የሾክ አብዞርበሩን ዘንግ ገፋ ሳብ አደረጉት። መሃል ላይ ሲደርስ ባዶ ነው፤ እንደ ብስክሌት መንፊያ ይወርዳል። ሱቁ ስመለስ «ገንዘብህን አንመልስም» አሉኝ። አንድ ሰዓት ተጨቃጭቀን በሌላ ተቀየረልኝ። በማግሥቱ የአክስቴን ልጅ ይዤ ለጎሚኒው ሌላ ሱቅ ሄድኩ። ነጋዴው «አሮጌውን ሳላይ አልሸጥልህም» አለኝ። እንዲህ የሚል ነጋዴ ስታገኙ አትልቀቁት።

ባሌስትራ ቀጥቃጩ ዘንድ የቆየሁት ሰዓት ከጉዞዬ ሁሉ ይበልጥብኛል። ወለሉ ላይ በጠመኔ ቅስት ተስሏል። ባሌስትራውን እሳት ሳያሳየው፣ በቀዝቃዛው፣ ጣት በጣት እየሄደ በመዶሻ ይመታዋል። ጥቂት መትቶ ጠመኔው ላይ ያስተኛዋል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። እንደገና ይመታል። ሁለቱ ጎኖች እኩል እስኪሆኑ ድረስ ይህንኑ ነው። እኔ መለኪያ ፍለጋ ዓይኔን ሳንከራትት እሱ ጨርሶ ሻይ አዘዘ።

ጋራዡ ላይም አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ልጁ ባሌስትራዎቹን ጠርጎ ግራሶ ቀብቶ ሲገጥም የጎሚኒውን ቡሎኖች አላጠበቃቸውም፤ ብቻ አስያዛቸው። መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ፣ ጎማዋ መሬት ነክቶ፣ በራሷ ክብደት ከተቀመጠች በኋላ ነው ያጠበቃቸው። በአየር ላይ ቢጠብቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ይህንን የማይሠሩ ጋራዦች ቨርጂኒያም አይቻለሁ።

ቅሬታዬ ሰዓት ላይ ነው። «በአንድ ቀን» የተባለው አራት ቀን ፈጀ። አንዱን ቀን መብራት ወሰደው። የቀሩትን «ነገ ጠዋት» ወሰዳቸው። በረራችሁ ሊደርስ ሲል እንዲህ ያለ ሥራ አትጀምሩ።

ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሬው ለገበያ ስለተተወ እናንተ ስትሄዱ ሌላ ይሆናል። የእጅ ዋጋው ግን አሳፈረኝ፤ ጨምሬ ከፈልኩ። መለዋወጫው ርካሽ አይደለም። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያረጀውን የሚጥል የለማ።

እማዬን ልደታ ማርያም አደረስኳት። ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ እንደ ልማዷ እጀታውን ያዘች። ትንሽ ሄደን ለቀቀችው። «አሁንም ትዘላለች፤ ግን ቀስ ብላ ነው» አለች። የኔዋን ሲ10 አታህልም፤ ይህን አልክድም።

የወጣችዋን ባሌስትራ የጋራዡ ልጅ ለቢላዋ ፈልጓት ነበር። ጥሩ ቢላዋ ይወጣታል። አባዬ «አይሆንም» ብሎ ፒክአፑ ላይ ጫናት። ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ሻንጣ ስፈልግ አልጋው ሥር አገኘኋት፤ በጋዜጣ ተጠቅልላ፣ ግራሶ ተቀብታ።