የወሎ ገዥዎችን ዱካ ደሴ ላይ ማየት፦ የአንድ ቀን ጉብኝቱ ያዋጣል?

ደሴ የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ በሆነው በአይጠየፍ በር ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የወሎ ገዥነት በአንድ አዳራሽ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሹመቱ በመቶ ዓመት ውስጥ መልኩን ደጋግሞ ለውጧል፤ ለውጡም ከከተማዋና ከአካባቢዋ ሳይርቁ ይታያል። እዚህ የምንገመግመው ቦሩ ሜዳን፣ አይጠየፍን፣ ደሴ ሙዚየምንና መርሆ ግቢን የሚያገናኘውን ጉብኝት ነው። መሄዱ ያዋጣል። ግን በስሙ የገዛውንና በሥራው የገዛውን ሳይለዩ የሄዱ ሰዎች ከግማሽ በላዩን ሳያዩት ነው የሚመለሱት።

ጠዋት በቦሩ ሜዳ ጀምሩ። ከደሴ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ታክሲ አይጠፋም። ብዙዎች ለከሰዓት በኋላ ያቆዩታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በክረምት ዝናቡ፣ በሌላው ጊዜ ጉሙ ይቀድማቸዋል። ቦታው ላይ ቤተ መንግሥት አትጠብቁ። የምታዩት ሜዳውንና ቦሩ ሥላሴን ነው። ነገሩ የሚገባችሁ በ1870 እዚህ የሆነውን ስታውቁ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ያደረጉት እዚህ ነው፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ወሎን ይሻሙ የነበሩት ሁለቱ ኢማሞች የተጠመቁትም በዚያው ሰሞን ነው። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ዮሐንስ ክርስትና አነሷቸው፤ ኢማም አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተብለው ምኒልክ አነሷቸው። በኋላ ወሎን የጠቀለሉት ሚካኤል ናቸው።

አስጎብኚዎች በተደጋጋሚ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። «ምኒልክ የሾሟቸው ገዥ» ይሏቸዋል። ሚካኤል ከመሐል ተሹሞ የመጣ ሰው አልነበሩም። የወረሂመኖው የማመዶች ቤት ተወላጅ ናቸው፤ ቤቱ ወሎን ለትውልዶች የገዛ ነው። ነገሥታቱ የሰጧቸው የራስነቱን ማዕረግና እውቅናውን ነው እንጂ መሬቱንና ሰዉን አይደለም። የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን መውለዳቸው ደግሞ ከዙፋኑ ጋር አዛመዳቸው። ልጃቸው የአልጋው ባለቤት ሲሆኑ አባትየው ግንቦት 1906 ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ከዚህ በኋላ ወደ አይጠየፍ ውጡ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ክፍት መሆኑን አጣሩ፤ እድሳት ወይም ስብሰባ ካለ በሩ ሊዘጋ ይችላል። ውስጥ ስትገቡ ቶሎ ብላችሁ ካሜራ አታውጡ። መጀመሪያ መሐል ላይ ቆማችሁ ምሰሶዎቹንና የወለሉን ስፋት እዩ። ይህ የግብር አዳራሽ ነው፤ ግብር ደግሞ ለዚያ ዘመን ገዥ ግብዣ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደሩ ማዕከል ነበር። ሠራዊቱ ደመወዝ የለውም፤ የሚበላው ከጌታው መሶብ ነው። በሩን አጋፋሪው ይይዛል፣ ማን እንደሚገባና የት እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በማዕረግ ነው። ጌታው መጋረጃ ተጋርዶለት ከበላ በኋላ መኳንንቱ፣ ከዚያ ወታደሩ በተራ ይገባል። የደረጃው ዝቅ ማለት ከመጋረጃው በመራቅ ይታወቃል። በወሎ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ አይገናኝም፣ የአንድ ቤት ወንድማማች ግን ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ላይ የተሾመ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር ማብላት ካልቻለ ገዥ አይባልም። አዳራሹ እስካሁን በሕዝቡ አፍ በፍቅር የሚነሳው ለዚህ ይመስለናል፤ ደሴ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰውም ይህን ይምረጥ።

ንጉሡ በአዳራሹ ብዙ አልቆዩበትም። ኢያሱ መስከረም 1909 ከአልጋ ሲወርዱ አባት ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ቶራ መስክ ላይ አሸነፉ፣ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ግን ተሸንፈው ተማረኩ። በእስር ሳሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ። ወሎ ላይ የተወላጅ ንግሥና በዚያው አበቃ፤ ከዚያ ወዲህ ገዥው ከመሐል የሚላክ ሰው ሆነ። ራስ እምሩ ለምሳሌ ወደ ጎጃም ከመዛወራቸው በፊት ወሎን ገዝተዋል።

እዚህ ላይ ስለ ዓመተ ምህረት አንድ ማስጠንቀቂያ። ሰገሌን አንዱ 1909 ይላችኋል፣ ሌላው 1916፤ የንግሡን በዓል አንዱ 1906፣ ሌላው 1914። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ የእኛ፣ ሌላው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ችግሩ መግለጫ ጽሑፎችና አስጎብኚዎች ሁለቱን እየቀላቀሉ ሲናገሩ ነው፤ አንድ ገዥ ከሞተ በኋላ ሲሾም ታገኙታላችሁ። ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ በሰማችሁት ዓመት አጠገብ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ወዲያው ጠይቃችሁ ጻፉ።

ደሴ ሙዚየም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ውስጥ ነው። በ2014 ጦርነት ተዘርፎ ስለተጎዳ ከዚያ በፊት በተጻፉ መመሪያዎች ላይ የተዘረዘረውን ሁሉ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ቤቱን ራሱን እዩት፤ አንድ መኳንንት ከንጉሡ ግቢ በታች እንዴት ይኖር እንደነበር ያሳያል። ከአይጠየፍ ጋር ስታስተያዩት የደረጃው ልዩነት በዓይን ይታያል። ለዚህ አንድ ሰዓት ይበቃል።

ቀኑን በመርሆ ግቢ ጨርሱ። እዚህም ስህተት አለ፤ የንጉሥ ሚካኤል ግቢ ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። አይደለም፤ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነው። አስፋ ወሰን በ1923 መርዕድ አዝማች የሚል ማዕረግ ይዘው ወሎን ሲይዙ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። የ14 ዓመት ልጅ አገር አይገዛም፤ ሥራውን የሠሩት እንደ ደጃዝማች ወዳጆ ዓሊ ያሉ በእንደራሴነት የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ጣልያን ደሴን ኅዳር 1928 በአውሮፕላን ደበደበ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። ሚያዝያ ላይ ተያዘች፣ በ1933 ሚያዝያ ነፃ ወጣች።

ከነፃነት በኋላ ያለው የሹመቱ ክፍል ሕንፃ ስለሌለው አስጎብኚዎች ያልፉታል። ዋናው ነገር ግን ያለው እዚያ ነው። በ1934 የወጣው የአስተዳደር ደንብ ገዥውን የአገር ግዛት ሚኒስቴር ሠራተኛ አደረገው። የራሱ ጦር የለውም፣ ግብር የሚሰበስበው ገንዘብ ሚኒስቴር ነው፣ ደመወዙም ከአዲስ አበባ ይመጣል። ግብር ማብላቱ ቀርቶ ፋይል ማዘዋወር መጣ። የወሎ ጠቅላይ ግዛት 12 አውራጃ ነበረው፤ ከዋግና ከላስታ እስከ ቦረና፣ ከደላንታ እስከ አውሳ በረሃ። የዛሬውን የደቡብ ወሎ ዞን ካርታ ይዞ የያኔውን ገዥ ሥራ መመዘን ስለማይቻል የድሮውን ካርታ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። አልጋ ወራሹ በስም የወሎ ገዥ ሆነው ቀጠሉ፤ ኑሯቸው ግን አዲስ አበባ ነበር፤ ደሴ ላይ ቁጭ ብሎ የሚፈርመው እንደራሴው ነው።

የዚህ አሠራር ጉድለት በ1965 ረሃብ ታየ። ገበሬው በርሃብ ሲፈናቀል ደሴ ያለው እንደራሴ እህል የሚያዝበት ሥልጣን አልነበረውም፤ ማመልከቻው ወደ ላይ ይሄዳል፣ ላይ ያለው ደግሞ ክፉ ወሬ መስማት አይወድም። የባለቤትነት ስሙ የአልጋ ወራሹ ስለሆነ ደፍሮ የሚወቅስ አይገኝም። በረሃቡ ጊዜ እንደራሴ የነበሩት ደጃዝማች ሰለሞን አብርሃም ኅዳር 14 ቀን 1967 ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው። ይህን ሳይነግራችሁ መርሆ ግቢን የሚያስጎበኝ ሰው ካጋጠማችሁ ጠይቁት፤ የወሎ ሰው መልሱን ያውቀዋል፣ እስኪጠየቅ ግን አይናገርም።

ለመንገዱ፦ ደሴ ብርድ ነውና ጥቅምት ላይም ቢሆን ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙ። ከግቢ ወደ ግቢ ዳገት ቁልቁለት ስለሚበዛ ባጃጅ ይሻላል፤ ለጫማም የማያንሸራትት ምረጡ። መግቢያ በር ላይ ዝርዝር ብር አይጥፋባችሁ። ሐምሌና ነሐሴን ግድ ካልሆነባችሁ በቀር ተዉት። ሚካኤል ከደሴ በፊት የተቀመጡባትን ተንታን ማየት የሚፈልግ በኩታበር በኩል ሌላ ሙሉ ቀን ይያዝ፤ ከዚህ ጋር አጣብቆ ለማየት የሚሞክር ሁለቱንም ያበላሻል።