ሐይቅ ወስዶ ለመለሰን ሹፌር እና እርሻቸውን ላስጎበኙን ጋሼ ምስጋና

ሰላም የኮምቦልቻና የደሴ ልጆች፣ ለሐይቅ ጉዞ መኪና ኮንትራት የምትፈልጉ ካላችሁ ይሄን አንብቡልኝ። ከአዲስ አበባ ዘመዶቼ መጥተው፣ ጉልበቷን የሚያማት አክስቴም አብራቸው ነበረች፣ ሁለቱን ውሃዎች፣ ሐይቅንና አርዲቦን፣ አሳይን ሲሉኝ ጓደኛዬ እዚው ኮምቦልቻ ያለ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ጠቆመችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ልጁ የተስማማነውን ነው የተቀበለን፣ ናፍጣ ጨመረ መንገዱ ረዘመ ምናምን የለም (ከዚ በፊት አንዱ ግማሽ መንገድ ላይ አቁሞ ጨምሩ ብሎናል)። ሐይቅ ያለው እስጢፋኖስ ገዳም ሴት እንደማይገባ ደግሞ ገና ሳንነሳ ነግሮናል፣ ስንቱ እኮ እዛ ከደረሰ በኋላ ነው የሚሰማው። ወንዶቹ ይሄንኑ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓን ገዳም ሊሳለሙ ሲገቡ እኛን "እናንተ ፀሐይ ላይ ምን ታደርጋላችሁ" ብሎ የሚያውቃቸው አንድ ገበሬ ጋ ወሰደን፣ ለአክስቴ ብሎ መኪናዋን አጥሩ ድረስ አስጠግቶ።

እርሻው በጣም ደስ ይላል! ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ከጥላው ስር ቡና፣ በመሀል ውሃ በቦይ ይሄዳል። አክስቴ አንዱን ፓፓያ አይታ "ይሄ ምነው አላፈራም?" ስትላቸው ጋሼ ሳቁና "እሱማ ወንዱ ነው እናቴ" አሏት። አበባው በረጅም ዘንግ ተንጠልጥሎ ይወርዳል፣ ሴቷ ግን አበባዋ ግንዱ ላይ ልጥፍ ያለ ነው፣ ወንዱ ሲበዛ ይቆርጡታል ግን ጥቂት ካልተውለት ሴቶቹም በደንብ አይዙም አሉን። አክስቴ "ለዘር ብቻ ነው የተቀመጠው በሉኛ" ብላ እስካሁን ትስቃለች። አቮካዶውም የተዳቀለው በሶስት አራት አመት ይደርሳል፣ ከፍሬው የበቀለው ግን ብዙ ያስጠብቃል።

ልንወጣ ስንል ባለቤታቸው "ወላሂ ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም" ብለው ያዙን፣ አክስቴ ፆመኛ መሆኗን ሰምተው ንፍሮና ቂጣ አቀረቡላት። ለጉብኝቱ ብር ብንሰጥ እምቢ አሉ፣ ስለዚ ፓፓያና አቮካዶ ገዛን። እናንተም ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትግቡ፣ ስኳርና ቡና ነገር ያዙ፣ ሰዎቹ ስራ ፈትተው ነው የሚያስተናግዱት።

ከሰአት አርዲቦ ወጣን፣ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ያለ ነው ውሃውም ወደ ሐይቅ ነው የሚወርደው፣ ሰው አይበዛበትም፣ ለኔ እንደውም ከሐይቅ ይበልጥብኛል። መንገዱ ግን ያንገጫግጫል እና ጀርባ የሚያማችሁ አስቡበት። ስንመለስ ሐይቅ ከተማ አሳ በላን (ያው ከአክስቴ በቀር)፣ ደሴ ላይ አይጠየፍን (የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ) ከውጪ አየነው፣ መሽቶብን ነበር።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ወርዶ ፊት ለፊት አይታይም። ልጁ ፍሬን ላይ ተኝቶ አልወረደም፣ ከላይ ጀምሮ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያለ፣ ከኋላ ክላክስ ሲያስጮሁበት ዳር ይዞ ያሳልፋቸዋል እንጂ አይቸኩልም። አክስቴ የዛን መንገድ ነገር ስትፈራ እንደኖረች አውቃለሁ፣ እንቅልፍ ወስዷት ኮምቦልቻ ገባን።

ስልኩን እዚ እንዳልለጥፈው ራሱ ስላለኝ የምትፈልጉ በውስጥ አውሩኝ። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ስለሚበዛበት ቀደም ብላችሁ ያዙት፣ ደሴ ላይ ስለሚበርድ ደግሞ ጋቢ እንዳትረሱ።