ጠባሴ ላለው መካኒክ ምስጋና፣ ጣርማበር ላይ ሂት ለሚያደርግባችሁ ደግሞ ጥቆማ

ደብረ ብርሃን ላይ ቱርቦ መኪና የምትነዱ፣ ወይም ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር ስትወጡ ዓይናችሁ ከሙቀት መለኪያው የማይነቀል ሰዎች፣ ይህን አንብቡልኝ። ጠባሴ አካባቢ አንድ መካኒክ አለ። ሳላስፈቅደው ስሙን አልጽፍም። የሚፈልገው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

መኪናዬ ጎልፍ ጂቲአይ ናት፣ 1.8 ቱርቦ። ዳገት ላይ ሂት ታደርጋለች። እዚሁ ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ ቴርሞስታቷን (የሞተሩ ውሃ ሲሞቅ ተከፍታ ወደ ራዲያተር የምታሳልፈውን በር) አውጥቶ እንድትከፈት የፈላ ውሃ ውስጥ ከተታት። ወይ ፍንክች! «ይሄ ሞቷል። ለእንዲህ ዓይነት ሞተር በ71 ዲግሪ የሚከፈተው ነው የሚሆነው። እሱን ካጣህ ያለ ቴርሞስታት ንዳት» ተባልኩ። 71ዱን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

የጠባሴው ልጅ ግን አዲሱን ዕቃ ከካርቶኑ እንኳ አላወጣውም። አሮጌውን አገላብጦ አየና ላዩ ላይ የተጻፈውን 87 አሳየኝ። «ጋሼ፣ እኛ አገር ውሃ በስንት ዲግሪ ነው የሚፈላው?» አለኝ። 100 ለማለት አፌን ልከፍት ስል ራሱ መለሰው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ውሃ እዚህ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የኔ ቴርሞስታት ደግሞ በ87 መከፈት ትጀምርና ሙሉ ለሙሉ የምትከፈተው 102 አካባቢ ስትደርስ ነው። ታዲያ በደብረ ብርሃን ውሃ ብትቀቀል እንዴት ወለል ብላ ትከፈት? ማስጀመሩን ትጀምራለች፣ ያውም ካስተዋሉት። እሱ ደጅ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ያልተበረዘ ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ ከውሃ ጋር የሚሞላው ፈሳሽ) ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አንጠልጥሎ አሞቃት። ያልተበረዘ ኩላንት ከውሃ በጣም ዘግይቶ ነው የሚፈላው። በሰዓቷ ጀመረች፣ በሰዓቷም ጨረሰች። (ቤት እንዳትሞክሩት። ኩላንት መርዝ ነው፤ ድስቱም ለወጥ አይመለስም።)

ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። ቴርሞስታት የሚጠብቀው ሞተሩ ከተወሰነ ሙቀት በታች እንዳይቀዘቅዝ ነው። ከልክ በላይ እንዳይግል የማድረጉ ሥራ የራዲያተሩ፣ የቬንትሌተሩና የውሃ ፖምፓው ነው። ጣርማበር ላይ መርፌው ወደ ቀይ ሲጠጋ 71ዱም 87ቱም ድሮ ተከፍተዋል። እዚያ ምንም አይለያዩም። የሚለያዩት በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ነው። በ71 ከሄደ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ያልሞቀ ይመስለውና ቤንዚን ያበዛል። ዘይቱም በደንብ ስለማይግል የገባበት እርጥበትና ቤንዚን አይተንም። ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል።

«ታዲያ የውድድር መኪኖች ለምን ዝቅ ያለውን ይገጥማሉ?» ብዬ ተከራከርኩት። ምክንያት አላቸው አለኝ። የቱርቦ ሞተር ቀዝቀዝ ሲል ቤንዚኑ ያለጊዜው ነድዶ ፒስቶኑን የመምታቱ ዕድል ይቀንሳል። ራዲያተሩ በትልቅ ከተቀየረና ኮምፒውተሩም በዚያው ልክ ከተስተካከለ ወደ 80 አካባቢ መውረድ ያስኬዳል። የኔዋ ምንም ያልተነካካች ስለሆነች የፋብሪካው 87 ይበቃታል።

በሽታው ሌላ ቦታ ነበር። የኩላንት ማጠራቀሚያው ክዳን ግፊት አይዝም። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ግፊት የሌለው ውሃ እዚያ 90 ሳይሞላ ይፈላል፣ ማለትም ሞተሩ በጤናው በሚሠራበት ሙቀት። ክዳኑ ግፊቱን ከያዘ ግን ያው ውሃ ከ110 በላይ ይታገሳል። አዲስ ክዳን ገጠመ፣ በአቧራ የታፈነውን ራዲያተር አጠበ፣ ኩላንቱን ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ ሞላ። አሮጌዋን ቴርሞስታትም መለሳት። አሁን ደብረ ሲናን አልፌ ዋሻው ድረስ ስወጣ መርፌው ከመሀል አይነቃነቅም። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ!

ለእውነቱ ያህል፣ ስልክ ቶሎ አያነሳም፤ ሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ ወሬ አይወድም። የጋለ ሞተር ክዳን በፍጹም ስለማይከፍት መኪናችሁን ማታ አድርሳችሁ አሳድሩለት፣ ጠዋት በብርዱ ያየዋል። 71ዱም ከነካርቶኑ አለ። ሞተሩን አስተካክሎ ለሠራ ሰው በግማሽ ዋጋ እለቃለሁ።