ለቱሉ ዲምቱው የፕሪንተር ቴክኒሻን ምስጋና፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላላችሁም ጥቆማ

በኮፒ ቤታችን ደረሰኝ የሚያትሙትን ባለሪባን ፕሪንተሮች ለሚጠግንልን የቱሉ ዲምቱ ባለሙያ ምስጋናችን ይድረሰው። ስሙ እንዲጠቀስ አልፈለገም፤ ሥራውን ግን ሰው ይወቅለት። ፕሪንተሩን ከመፍታቱ በፊት ሶኬቱን የሚለካ ቴክኒሻን ብዙ የለም።

ከሶኬቱ የሚጀምረው በምክንያት ነው። የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ላይ ከፌዝም (ኃይል ከሚያመጣው ሽቦ) ከኒውትራልም (ከመመለሻው ሽቦ) ወደ ብረት ሣጥኑ የሚሄዱ ትንንሽ የማጣሪያ ካፓሲተሮች አሉት። ሶኬቱ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወስድ የደህንነት ሽቦ) ከሌለው ሁለቱ 220 ቮልቱን እኩል ይካፈሉትና ሣጥኑ 110 ቮልት ገደማ ይይዛል። ኮምፒውተሩን ስትነኩ የሚነዝራችሁ እሱ ነው። ፕሪንተሩ ደግሞ ግራውንድ ካለው ሌላ ሶኬት ላይ ከተሰካ፣ ኬብሉን በምታገናኙበት ቅጽበት ያ ልዩነት ቀድሞ በተነካካው ፒን በኩል ይፈሳል። በዩኤስቢ የግራውንዱ ፒን ረዝሞ ስለተሠራ ቀድሞ ይገናኛል። የአሮጌ ፕሪንተሮች ማገናኛ የሆነው ባለ 25 ፒኑ ፓራለል ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የለውም፤ ከ18 እስከ 25 ያሉት ግራውንዶች ሳይነኩ ከ2 እስከ 9 ካሉት የዳታ ፒኖች አንዱ ከነካ፣ ለ5 ቮልት የተሠራው ቺፕ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩንም ፕሪንተሩንም ሳታጠፉ ኬብል አትሰኩ፣ አትንቀሉም።

መለኪያው ቀላል ነው። ማልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርጎ ከሣጥኑ ብረት መሬት ውስጥ እስከተቀበረው የግራውንድ ዘንግ ይለካል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ደህና፣ 90 ወይም 110 ካነበበ ግራውንድ የለም ማለት ነው። አንዳንድ ሠራተኛ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝቶ «ጨረስኩ» ይላል። እሱ ይህን ፈጽሞ አይሠራም፤ ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ ሣጥኑ ሙሉ 220 ይሸከማልና ነፍስ ያጠፋል። ዘንግ ያስቀብራል፤ በአካባቢያችን መረሬ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ስለሚላቀቅም ጠለቅ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል።

ሁለተኛው ችግር ግራ ያጋባል፦ ፕሪንተሩ ጠፍቶ መብራቱ ፈዘዝ ብሎ ይበራል። ከኮምፒውተሩ የዳታ መስመሮች በኬብሉ በኩል ኃይል እየገባበት ነው፤ በዚህ ሁኔታ ሲበራ በትክክል አይነሳም። መፍትሔው ፕሪንተሩን ቀድሞ ማብራት ነው።

ፊደል የሚያዘበራርቅ ከሆነስ? የድሮ ፕሪንተሮች አንዳንዶቹ በየዳታ መስመሩ ወደ 5 ቮልት የሚጎትት የ1 ኪሎኦም ሬዚስተር አላቸው። የኮምፒውተሩ ፖርት (ኬብሉ የሚሰካበት) መስመሩን ዜሮ ለማድረግ 5 ሚሊአምፐር ያህል መዋጥ አለበት፤ ደካማ የላፕቶፕ ፖርት ይህን አይችልምና ቮልቱ ከ0.8 በታች አይወርድም፣ ፕሪንተሩም ዜሮውን እንደ አንድ ያነበዋል። ቴክኒሻናችን ሬዚስተሮቹን በ4.7 ኪሎኦም ይቀይራል፤ ጅረቱ ወደ 1 ሚሊአምፐር ይወርዳል። ከዚያ በፊት ግን ኬብሉን ያያል፤ ከ3 ሜትር በላይ የሆነ ተራ ኬብል ብቻውን ይህን ችግር ሊያመጣ ይችላል። «ቢዚ» (ሥራ ላይ ነኝ) እያለ የማያትመውን ደግሞ በፒን 11 እና 18 መካከል ይለካዋል፦ ፕሪንተሩ ዝግጁ ሆኖ ከ2 ቮልት በላይ ካሳየ መስመሩ ተጣብቋል።

ከአሜሪካ የመጣ የ110 ቮልት ሌዘር ፕሪንተር ያላችሁ፣ ማሞቂያው ሲነሳ እስከ 1000 ዋት ሊጠጋ ስለሚችል በ500 ዋት ትራንስፎርመር አታስነሱት። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ መሣሪያ) ላይም አትሰኩት።

ዋጋውን ቀድሞ ይናገራል። የማዘርቦርዱ ፖርት ከተቃጠለም «ለጥገና ገንዘብ አታውጡ፣ ፒሲአይ ካርድ (ሌላ ፖርት ይዞ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ) ግዙ» ብሎ ይመልሳችኋል። ስትሄዱ ኬብሉንና ዲቫይደሩንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ፕሪንተሩን ብቻ ካመጣችሁለት መልሶ ይልካችኋል።