ከአንድ ካርቶን የወጡ ጓጉንቸሮች በአንድ ቁልፍ ይከፈታሉ፤ የድሬ ልጆች ተጠንቀቁ!

የታህሳስ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ እየደረሰ ነው። ቤቱን ዘግቶ የሚወጣው ብዙ ስለሆነ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። መልኩ ነሐስ የሚመስል፣ ዋጋው ከጥሩው ግማሽ የማይሞላ ጓጉንቸር ቁልፍ ሰሞኑን እየተሸጠ ነው። አትግዙት። የገዛችሁም ካላችሁ ዛሬውኑ ፈትሹት።

እኔ አንዱን ለውጭ በር፣ አንዱን ለሰርቪስ ክፍል ገዛሁ። አጠገባችን ያሉ እናትም ከዚያው ሱቅ ለበራቸው ገዝተዋል። አንድ ቀን ዘንቢላቸውን ይዘው ከቀፊራ ሲመለሱ ቁልፉን ልጃቸው ይዞት ሄዷል። «እስኪ ያንቺን ስጪኝ ልሞክረው» አሉና የእኔን አስገቡ። ቀጭ ብሎ ተከፈተ! ደንግጠን ተያየን። ማታ ልጁ ሲመጣ ቁልፎቹን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፤ ጥርሳቸውም አንድ፣ የተቀረጸባቸው ቁጥርም አንድ። እንግዲህ ከዚያ ካርቶን ስንት ሰው ገዝቶ ይሆን? የግቢያችን ቁልፍ በማን ኪስ እንዳለ አናውቅም።

ሻጩ ጋ ስመልሰው «ይቆልፋል አይደል? ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ስገዛ ደረሰኝ ጠይቄው «አልቋል» ብሎኝ ነበር። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ የማስለወጥ ወይም ገንዘብን የማስመለስ መብት ሰጥቶናል፤ ደረሰኝ ከሌለ ግን በምን ይጠየቃል? ደረሰኝ ከማይሰጥ ሱቅ የበር ቁልፍ ባትገዙ ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ውስጥ ትናንሽ ፒኖች አሉ፤ የቁልፉ ጥርስ እያንዳንዱን በልኩ ሲያነሳው ይዞራል። ፒኑ ሦስት ብቻ ከሆነ ሊወጣ የሚችለው የጥርስ ዓይነት ጥቂት ስለሆነ መመሳሰሉ አይቀርም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ከካርቶኑ ሁለት ሦስት አስወጡና ቁጥራቸውን አስተያዩ፤ ቁልፎቹን አለዋውጣችሁም ሞክሩ። ሻጩ ከተቆጣ ጥላችሁ ውጡ። በጥርሱ ላይ አምስትና ከዚያ በላይ ጎድጓዳ ያለው ይሻላል። ማግኔትም ያዙ፦ አካሉን ከያዘው ነሐስ ሳይሆን የተቀባ ብረት ነው። የጎበጠውን ብረት በሞረድ ጫር አድርጉት፤ በቀላሉ ከተፋቀ መጋዝ አይመልስም። ቁጥሩን ግን ፎቶ አንስታችሁ የትም እንዳትለጥፉ፤ በአንዳንዱ ቁጥር ብቻ ቁልፍ ማስቀረጽ ይቻላል።

የላሜራ በራችሁንም እዩት። ጓጉንቸሩ የሚገባበት ቀለበት በስሱ የተበየደ ከሆነ ውድ ቁልፍ ብትገዙም በፌሮ ፈንቅለው ይነቅሉታል። በያጁ ዙሪያውን እንዲደግመው አድርጉ፤ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይደለም።

ደግሞም ከውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር ሰው እንደሌለ ይናገራል። ለንግሡ የምትወጡ፣ በሩ የራሱ ቁልፍ ካለው በእሱ ዝጉ፤ ከጎረቤትም የሚያድር ሰው ለምኑ። ከሳቢያን እስከ ከዚራ ይህን ዓይነት የገዛችሁ ሁሉ ከጎረቤታችሁ ጋር ቁልፍ ተለዋውጣችሁ ሞክሩ። ከተከፈተ ለሁለታችሁም ሌላ ግዙ።