ለጥቁር አንበሳዋ ሲስተር እና ለማቴዎስ ወንዱ ማኅበር፦ እግዚአብሔር ይስጥልን

ባለቤቴ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን በጥቁር አንበሳ ስትከታተል ከጎናችን የቆሙ ሰዎች አሉ። ምስጋናቸው በልቤ ብቻ እንዲቀር አልፈለግሁም። ሚስት ወይም ባል ታሞባችሁ ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ የምትመጡ ካላችሁም ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ሲስተሯን ላመስግን። በካንሰር ክፍሉ ኬሞ፣ ማለትም በደም ሥር የሚገባውን የካንሰር መድኃኒት፣ የምትሰጥ ነርስ ናት። ስሜን እንዳትጽፍ ስላለችኝ ቃሏን አከብራለሁ። እዚያ የታከመ ሰው ግን ማንን እንደማነሳ ያውቃል።

ባለቤቴ የጀመረችው በቀዩ መድኃኒት ነው። ታካሚው ሁሉ "ቀዩ" ነው የሚለው። ከደም ሥር ወጥቶ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላል። ሲስተሯ ታዲያ አትቸኩልም። ቀዶ ሕክምና በተደረገበት በኩል ያለውን እጅ ፈጽሞ አትነካም፤ መርፌም የደም ግፊት መለኪያም እዚያ አይደረግም ትላለች። በሌላኛው እጅ ደም ሥር ስትፈልግ ሞቅ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ታደርግበታለች። ከዚያ ታማትባለች። መድኃኒቱን በስሪንጅ ቀስ እያለች ትገፋለች። ትንሽ ገፍታ ትቆማለች። መርፌው ከደም ሥሩ አለመውጣቱን ለማወቅ ደሙ ወደ ኋላ መመለሱን ታያለች። "ያቃጥልሻል እናቴ?" ትላለች። እንደገና ትገፋለች። አጠገባችን ወዳሉት ሙስሊም እናት ስትደርስ ደግሞ "ቢስሚላህ ይበሉ እማማ" ስትል ሰምቻታለሁ። ወሎ ላደገ ሰው ይህ ሆድ ያባባል።

"ሽንትሽ ቢቀላ አትደንግጪ፣ መድኃኒቱ ነው" ብላ ቀድማ ስለነገረቻት ማታ ላይ አልተረበሽንም። ለእኔ ደግሞ "ቴርሞሜትር ግዛ። ትኩሳቷ 38 ከገባ ይነጋል ብለህ እንዳትጠብቅ፣ ይዘሃት ና" አለችኝ። ምክንያቱንም አስረዳችኝ። ኬሞ ነጭ የደም ሕዋስን ያወርዳል፤ ያኔ ትኩሳት የዋዛ ነገር አይደለም። በየሦስት ሳምንቱ ከመድኃኒቱ በፊት ደም የሚመረመረውም ለዚሁ ነው። አንዴ ደሟ ወርዶ ቀጠሮው ሲራዘም ባለቤቴ ተስፋ ቆርጣ አለቀሰች። ሲስተሯ ያ ሁሉ ወረፋ እያለባት አጠገቧ ቁጭ አለች። "ሰውነትሽ እስኪያገግም ነው። የሚቀርብሽ ነገር የለም" አለቻት።

ቤታችን የጸሎት ቤት ነው። ማታ ማታ ባለቤቴ ውዳሴ ማርያም ታደርሳለች። አቅም ስታጣ እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትከተለኛለች። ዳዊት 90ን በቃሏ ስለምታውቀው አብረን እንላለን። በቀጠሮ ቀን ልደታን ተሳልመን ነው ወደ ሆስፒታል የምንሄደው። ከታመመች ሚስት አጠገብ የቆመ ባል ሊሠራ የሚችለው ትንሽ ነው። አፏ ሲቆስል አጥሚት ማብረድ፣ ሲያስመልሳት ሳህን መያዝ፣ ፀጉሯ ሲረግፍ ሳታይ ከትራሱ ላይ መልቀም። ሌላው ሁሉ ከአቅሜ በላይ ነበር። እሱን በጸሎት ለእግዚአብሔር ሰጠሁት። እንቅልፍ ያገኘሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ያስጨነቀን አንድ ሌላ ነገር ነበር። ዘመድ እየመጣ "መድኃኒቱን ተዪው፣ ጠበል ግቢ" ይላታል። በፍቅር ነው የሚሉት። ነገር ግን ሕክምናውን አቋርጠው ከርመው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ የተመለሱ እህቶችን እዚያው ወረፋ ላይ አግኝተናል። ሲስተሯ ጠበሉን አላጣጣለችም። "ጠበልሽንም ያዢ፣ ቀጠሮሽንም ያዢ። ደምሽ የወረደ ሰሞን ብቻ ያልፈላ ውኃ አትጠጪ" አለቻት።

የንስሐ አባታችንም የመከሩን ይህንኑ ነው። ፍልሰታ ሲገባ እጾማለሁ ብላ አስቸግራን ነበር። አባ መጡ። "የታመመ ሰው አይጾምም ልጄ። እንቁላሉንም ወተቱንም ውሰጂ" ብለው ፈቱላት። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ የሚናገረውን አነበቡላት። ሐሳቧ ያረፈው ያን ቀን ነው። እንዲህ ያሉ አባት ይብዙልን።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ለማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው። አቶ ወንዱ በቀለ ሕፃን ልጃቸውን ማቴዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ያቋቋሙት ማኅበር ነው። ልጅ የቀበረ አባት ለሰው ልጅ እንዲህ ሲደክም ሳይ ቃል ያጥረኛል። ከክፍለ ሀገር የሚመጡ፣ አቅም የሌላቸው ታካሚዎችን ያሳርፋሉ፣ ይመግባሉ። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ቦታ ነበር። ከየአቅጣጫው ሰው ይጎርፋል። አዲስ አበባ ላይ አልጋ ይዞ ጨረር መመላለስ ኪስን ምን እንደሚያደርግ የቀመሰው ያውቀዋል። ገንዘቡ አልቆበት ሳይጨርስ የሚመለስ አለ። ባለቤቴ ጨረሩን ስትወስድ በማኅበሩ ማረፊያ ነው ያረፈችው። እኔ ወልዲያ ሥራ ላይ ነበርኩ። ማታ ስደውል "ከእናቶቹ ጋር ጸሎት አድርሰን እራት በላን" ስትለኝ እፎይ እል ነበር።

የምትመጡ ሰዎች የሪፈር ወረቀቱንና የባዮፕሲውን (ከዕጢው ተወስዶ የተመረመረውን ናሙና) ውጤት ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። የጤና መድኅን ደብተራችሁን ሳታሳድሱ እንዳትነሱ። ማረፊያ የምትፈልጉ ከሆነ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ማኅበሩን ጠይቁ፤ ፈላጊው ብዙ ነው። አስታማሚም ይብላ፣ ይተኛ፤ ይህ ሕመም ረጅም ነው።

ባለቤቴ አሁን ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጠውን ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን በየቀኑ ትወስዳለች፣ ክትትሏንም አላቋረጠችም። ይህን ሳነብላት "የሲስተሯን ልጆች እግዚአብሔር ያሳድግላት በልልኝ" አለች። ያሳድግላት። በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ ካላችሁ ስለ ወረቀቱም ስለ ማረፊያውም የማውቀውን እነግራችኋለሁ፣ ጻፉልኝ። የታመመባችሁን ሰው የክርስትና ስም ጨምራችሁ ላኩልን፤ ማታ ስንጸልይ እናስበዋለን።